ሠላሳ ሁለት ዶላር፤ የቢግ ቤዚን ደንና የጠባቂዎቹ ታሪክ

ሕግ ደንን ከመጥረቢያ ያድናል፤ ሕጉን ራሱን ግን ማን ያድነዋል? መሬት ተለክቶ፣ ወሰኑ ተተክሎ፣ በአዋጅ «ይህ የሕዝብ ነው» ከተባለ በኋላ አዋጁን የሚያስታውስና የሚያስከብር ወገን ካልተገኘ፣ ክልሉ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ እውነት በብዙ አገር የታየ ነው። በጉልህ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ግን በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው ቢግ ቤዚን የተባለው ደን ነው። ደኑ በ1902 የሕዝብ ንብረት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ከ120 የሚበልጡ ዓመታት እርሱና እርሱን የመሰሉ ፓርኮች ከመጥረቢያ፣ ከበጀት እጦትና ከእሳት ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። በየጊዜው ያዳናቸውም አዋጁ ብቻ ሳይሆን፣ አዋጁን ያስወጣውና ከአዋጁ በኋላ ወደ ቤቱ ያልተመለሰው ሕዝብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛፉና ዘመኑ

በአሜሪካ አንድ ፓርክ በሁለት ዐይነት መንገድ ሊቋቋም ይችላል። በፌዴራሉ መንግሥት የሚተዳደረው ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ፣ ከራሱ ግምጃ ቤት ወጪ አድርጎ የሚያስተዳድረው ደግሞ የግዛት ፓርክ ነው። ብሔራዊ ፓርኮች በዓለም የታወቁ ሲሆኑ፣ የግዛት ፓርኮች ግን ለነዋሪው ሕዝብ ቅርብ በመሆናቸው ልደታቸውም ሆነ ህልውናቸው በአካባቢው ሰው ላይ የተመሠረተ ነው።

የቢግ ቤዚን ጌጥ ሬድውድ የተባለው ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከሐበሻ ጥድ ጋር በአንድ የዕፀዋት ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ ቁመቱ ከ100 ሜትር ሊያልፍ፣ ዕድሜውም ከ2,000 ዓመት ሊበልጥ ይችላል። በተፈጥሮ የሚበቅለው ከካሊፎርኒያ ጠረፍ እስከ ኦሪገን ደቡባዊ ጫፍ ባለው፣ የባሕር ጉም በሚያለብሰው ጠባብ መሬት ላይ ብቻ ነው። እንጨቱ ቀይ፣ ለመሰንጠቅ የሚመች፣ ምስጥና ብስባሴ በቀላሉ የማይደፍሩት ነው። በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ሕዝብ እንደ ጎርፍ በፈሰሰ ጊዜ፣ ከተሞች የተሠሩት ከዚሁ እንጨት ነበር። የመሰንጠቂያ ፋብሪካዎች ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እየተሻገሩ ደኑን ጨረሱት፤ ከጥንታዊው የሬድውድ ደን ዛሬ ሳይቆረጥ የቀረው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው።

ካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ፓርኳን ያገኘችው በስጦታ ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በሰኔ 1864፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ የዮሴሚቲን ሸለቆና የማሪፖሳን የታላላቅ ዛፎች ደን ለሕዝብ መገልገያና ማረፊያ እንዲሆን ለግዛቱ የሚሰጥ ሕግ ፈረመ። ሕጉ መሬቱ ለዘለዓለም እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደነገገ። ይሁን እንጂ ግዛቱ ለጥበቃው በቂ ገንዘብም ሆነ ሰው አልመደበም። ከብት ገባበት፤ መስኩ ታጠረ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ ስጦታው ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ተመልሶ ከብሔራዊ ፓርኩ ጋር ተቀላቀለ። ቃሉ «ለዘለዓለም» የሚል ቢሆንም፣ ቃሉን በየዕለቱ የሚጠብቅ ስላልነበረ ግዛቱ የተረከበውን መልሶ አስረከበ። የቢግ ቤዚን ታሪክ የሚጀምረው ይህ ሁሉ እየሆነ ባለበት ዘመን ነው።

ባርኔጣው

በጥቅምት 1899 በሳንታ ክሩዝ ተራሮች ላይ ታላቅ ቃጠሎ ተነሣ። ውሃ ባነሰ ጊዜ ገበሬዎቹ በጎተራቸው የነበረውን የወይን ጠጅ እያፈሰሱ እሳቱን ተከላከሉ ይባላል። ነገሩ እንግዳ ስለ ሆነ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ታሪኩን በሥዕል ለማውጣት ፈለገ። በሳን ሆዜ ከተማ ይኖር የነበረው ሠዓሊና ፎቶግራፍ አንሺ አንድሩ ሂልም ሥራውን ተቀበለ። ሂል ሥራውን ለማሟላት በ1900 ፌልተን አጠገብ ወደሚገኝ የሬድውድ ደን ሄዶ ዛፎቹን ፎቶግራፍ አነሣ። ደኑ የግል ይዞታ ነበርና ባለቤቱ ቀርቦ፣ ያነሣውን ሁሉ እንዲያስረክብ አዘዘው። ሂል እምቢ ብሎ ወጣ። በመንገዱ ላይ ሳለም፣ እንዲህ ያሉት ዛፎች የሕዝብ ንብረት ሊሆኑ ይገባቸዋል የሚለው አሳብ በልቡ ጸና።

አሳቡ የእርሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ቃጠሎ ቤቷን ያጣችው ደራሲ ጆሴፊን ማክራኪን በሳንታ ክሩዝ ጋዜጣ ላይ ደኑ እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣች። ባለቅኔዋና ጋዜጠኛዋ ኬሪ ስቲቨንስ ዎልተርም በብዕሯ ተባበረች። በግንቦት 1900 መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ተደረገ፤ በተራራው ውስጥ ቢግ ቤዚን የሚባል፣ መጥረቢያ ገና ብዙ ያልደረሰበት ሰፊ ደን መኖሩም ተነገረ። ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ስፍራውን በዐይናቸው እንዲያዩ ተላኩ። ጓዛቸውን ይዘው በደኑ ውስጥ ሰፈሩ። ግንቦት 18 ቀን ከአንድ ቋጥኝ ግርጌ ተሰብስበው ሳሉ ባርኔጣ ዞረ፤ በባርኔጣውም 32 ዶላር ተሰበሰበ። ማኅበራቸውን ሴምፐርቪረንስ አሉት። ቃሉ ዘወትር ለምለም ማለት ሲሆን፣ ሊቃውንት ለሬድውድ ከሰጡት የላቲን ስም የተወሰደ ነው።

ሠላሳ ሁለት ዶላር ደን አይገዛም። የማኅበሩ ኀይል ግን በገንዘቡ አልነበረም። የማኅበሩ አባላት የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ፎቶግራፍ አንሺው ምስሉን፣ ጋዜጠኛዋ ጽሑፉን፣ የዕፀዋት ሊቁ ማስረጃውን፣ ጠበቃው ክርክሩን ይዞ መጣ። የሴቶች ክበባት በየከተማው ደብዳቤ እየጻፉ ድምፃቸውን አሰሙ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የካሊፎርኒያ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1911 መሆኑ ነው። በምክር ቤቱ ውስጥ አንዲት የምርጫ ካርድ እንኳ ያልነበራቸው ሴቶች ለምክር ቤቱ አንድ ታላቅ ሕግ አስወጡት።

በ1901 መጀመሪያ የሕጉ ረቂቅ በሳክራሜንቶ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሂል ፎቶግራፎቹን ይዞ ተገኘ፤ የሳንታ ክላራ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካህን አባ ሮበርት ኬና እና ጠበቃው ዴልፊን ዴልማስ ስለ ደኑ ተናገሩ። ምክር ቤቱም ለመሬቱ መግዣ እስከ 250,000 ዶላር እንዲወጣ ፈቀደ። አገረ ገዥው ሄንሪ ጌጅ በመጋቢት ወር ሕጉን ፈረመ። በ1902 ግዛቱ 3,800 ኤክር፣ ማለትም 1,500 ሄክታር ያህል መሬት ተረክቦ የካሊፎርኒያ ሬድውድ ፓርክ ብሎ ሰየመው። የኋላው ቢግ ቤዚን ይህ ነው።

ከአዋጁ በኋላ

በብዙ ታሪክ ውስጥ ትረካው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሕጉ ወጣ፣ ደኑ ዳነ ይባላል። በቢግ ቤዚን ግን ከባዱ ጊዜ ገና መጀመሩ ነበር። በ1904 እሳት ወደ ፓርኩ ገብቶ ብዙ ዛፍ ለበለበ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ወደ ግዛቱ የደን ቦርድ ተዛወረ። ቃጠሎ የነካውን እንጨት ማውጣት በተፈቀደ ጊዜም ፈቃዱ ሽፋን ሆኖ ሕያዋን ዛፎች ይቆረጡ ጀመር። ዛፎቹን ለማዳን ታስቦ የወጣው ሕግ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፣ በሕጉ ጥላ ሥር መጥረቢያ ይሠራ ነበር።

ማኅበሩ በ1902 ዓላማው ተፈጽሟል ብሎ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያይ አይገኝም ነበር። ነገር ግን ሂልና ጓደኞቹ ወደ ደኑ መመላለሳቸውን አልተዉም ነበርና የተቆረጠውን አዩ፤ በ1908 ጩኸት አሰሙ፤ ጋዜጦችም አስተጋቡት። ቆረጣውም ቆመ። ለፓርኩ ደጋፊዎች ይህ ከመጀመሪያው ድል ያላነሰ ትምህርት ሆነ። ደኑን የሚያጠፋው የውጭ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ተብሎ የተሾመው አካል ሲዘናጋ የሚያነቃው ወገን ሊኖር ይገባል።

የሕዝብ ድምፅ

እስከ 1920ዎቹ ድረስ የካሊፎርኒያ ፓርኮች እዚህም እዚያም የተበተኑ፣ አንድ አስተዳደር የሌላቸው ነበሩ። በ1918 የተመሠረተው የሬድውድ አድን ማኅበር በሰሜኑ ጠረፍ ደን እየገዛ ለግዛቱ ማስረከብ ጀመረ። በሃምቦልት አውራጃም የአካባቢው ሴቶች በ1919 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ላውራ ማሃን በ1924 በዳየርቪል ደን ቆረጣ መጀመሩን ደርሳ ባየች ጊዜ ወሬውን ለአደባባይ አበቃችው። ያም ደን ውሎ አድሮ ከታላቁ ከበርቴ ከሮክፌለር በተገኘ እርዳታ ጭምር ተገዝቶ የሕዝብ ሆነ።

ለሁሉም አንድ ሥርዐት የሚያቆም ሕግ በ1925 በምክር ቤቱ ቢያልፍም አገረ ገዥው ሳይፈርምበት ቀረ። ደጋፊዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። በ1927 አዲሱ አገረ ገዥ ክሌመንት ያንግ የግዛቱን የፓርክ ኮሚሽን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረመ። ቀጥሎም ለመሬት መግዣ የ6 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ጥያቄ ለሕዝቡ ቀረበ። የጥያቄው ዋና ብልሃት በአንድ ግዴታ ላይ የቆመ ነበር፤ ከመንግሥት ለሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር፣ ከግል ሰዎች ወይም ከአካባቢ አስተዳደር እኩል መዋጮ መቅረብ ነበረበት። ስለዚህ መንግሥት ብቻውን ፓርክ ሊያቋቁም አይችልም፤ ሕዝቡም ብቻውን አይተውም። በኅዳር 1928 መራጩ ሕዝብ ሦስት እጅ ለአንድ እጅ በሚጠጋ ብልጫ ድምፁን ሰጠ። ዛሬ በግዛቱ ያሉት 280 ያህል ፓርኮች የቆሙት በዚያ ቀን በተጣለው መሠረት ላይ ነው።

ጥላው

ይህን መልካም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጥላውን ሊሸሽግ አይገባውም። በ1900 በቢግ ቤዚን የሰፈሩት ሰዎች ደኑን የሰው እጅ ያልነካው አድርገው ቈጠሩት። ነገር ግን በእነዚያ ተራሮች የኦሎኒ ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረዋል፤ በየጊዜው ቀላል እሳት እየለቀቁ ቁጥቋጦውን ያጸዱ፣ ሣሩንና ፍሬውን ያለመልሙ ነበር። በ1791 የሳንታ ክሩዝ ሚሲዮን ከተቋቋመ በኋላ ከመሬታቸው ተነቀሉ፤ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቁ። ደኑ ሰው አልባ መስሎ የታየው ሰዎቹ እንዲጠፉ ከተደረጉ በኋላ ነው።

እንደዚሁም ከሬድውድ አድን ማኅበር መሥራቾች አንዱ የነበረው ማዲሰን ግራንት፣ በ1916 የዘር የበላይነትን የሚሰብክ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር። በስሙ በአንድ ፓርክ ውስጥ ቆሞ የነበረው መታሰቢያ በ2021 ተነሥቷል። ለዛፍ መቆርቆር ለሰው ከመቆርቆር ጋር ሁልጊዜ አብሮ እንደማይሄድ ይህ ምስክር ነው። ሕዝብ ማለት ማን ማለት ነው? በ1900 መልሱ ጠባብ ነበር። መልሱ እየሰፋ የመጣውም በትግል ነው።

የመዘጋት ሥጋት

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው አደጋ መጥረቢያ የያዘ አልነበረም። በ2008 በደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት የግዛቱ ግምጃ ቤት ተራቈተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ 48 ፓርኮች እንዲዘጉ አሳብ ቀረበ፤ በ2009 ደግሞ ቍጥሩ ከ200 አለፈ። ሕዝቡ በመቃወሙ ሁለቱም ሳይፈጸሙ ቀሩ። ደጋፊዎቹ ዘላቂ መፍትሔ ለማግኘት በቀጥታ ወደ መራጩ ሄዱ፤ በኅዳር 2010 እያንዳንዱ ባለ መኪና በዓመት 18 ዶላር እንዲከፍልና በምትኩ በነጻ ወደ ፓርኮቹ እንዲገባ የሚጠይቅ ሕግ ለድምፅ አቀረቡ። መራጩ ግን አልተቀበለውም። በግንቦት 2011 ከ278 ፓርኮች 70ዎቹ እስከ ሐምሌ 2012 እንዲዘጉ ተወሰነ። ከስማቸው ዝርዝር ውስጥ የቢግ ቤዚን ጎረቤት የሆነው ካስል ሮክም ነበረበት።

ያን ጊዜ የ1900ው ባርኔጣ እንደ ገና ዞረ። በጎ አድራጎት ማኅበራት ፓርኮችን እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ሕግ በ2011 ወጣ። የደራሲው የጃክ ለንደን ርስት የነበረው ታሪካዊ ፓርክና ሹገርሎፍ የተባለው ተራራማ ፓርክ በአካባቢ ማኅበራት እጅ ተይዘው ክፍት ሆነው ቆዩ። የሄንሪ ኮ ፓርክ ወዳጆች ለበርካታ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ አዋጡ። ለካስል ሮክ መዋጮውን ያቀረበው ከ112 ዓመት በፊት በቋጥኝ ሥር የተመሠረተው ማኅበር ወራሽ የሆነው የሴምፐርቪረንስ ድርጅት ነው። ጡረተኞች ቲኬት ቆረጡ፤ ተማሪዎች መንገድ ጠረጉ፤ መጸዳጃ ቤት ያጸዱም ነበሩ።

ነገር ግን በሐምሌ 2012 ሌላ ወሬ ተሰማ። የፓርኮቹ መሥሪያ ቤት በሒሳቡ ውስጥ ለበጀት ክፍል ያላሳወቀው 54 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገኘ። ዳይሬክተሯ ሥራቸውን ለቀቁ። ልጆች ሳንቲም ባዋጡበት፣ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን በሰጡበት ሰዓት ገንዘቡ ተቀምጦ መገኘቱ ደጋፊዎቹን ክፉኛ አስቈጣ። ምክር ቤቱ ለሁለት ዓመት ፓርክ እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ለመዘጋት ከታጩት ፓርኮችም አብዛኞቹ ክፍት ሆነው ቀሩ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የሕዝብ ተሳትፎ የመንግሥትን ኀላፊነት የሚያቀል ትራስ ሊሆን አይገባውም፤ በጎ ፈቃደኛ መንገድ ሊጠርግ ይችላል፤ የሠለጠነ የፓርክ ጠባቂን፣ የውሃ ቧንቧ ጠጋኝንና የእሳት መከላከያ በጀትን ግን አይተካም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን የሚሰጥ ሕዝብ ሒሳቡን የማየት መብት አለው። መተማመን ከተሰበረ በሚቀጥለው ጊዜ ባርኔጣው ባዶውን ይመለሳል።

ከቃጠሎው በኋላ

በነሐሴ 2020 አጋማሽ ዝናብ የሌለው መብረቅ በሳንታ ክሩዝ ተራሮች ላይ ወረደ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እሳቱ ከቢግ ቤዚን ይዞታ ከመቶ 97 እጁን አዳረሰ። በ1930ዎቹ የሥራ አጥ ወጣቶች ጓድ ከሬድውድ ግንድ የሠራው የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ ሙዚየሙና የሰፈር ቤቶቹ አመድ ሆኑ። በዚያ ጊዜ ፓርኩ በ1902 ከነበረው ሰፍቶ ከ18,000 ኤክር፣ ማለትም ከ7,000 ሄክታር በላይ ሆኖ ነበር።

ዛፎቹ ግን አብዛኞቹ አልሞቱም። የሬድውድ ቅርፊት ወፍራም ነው፤ ከቅርፊቱም በታች ለመቶዎች ዓመታት የተኙ እንቡጦች አሉ። ከወራት በኋላ ከሰል የመሰለው ግንድ ከሥር እስከ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ለበሰ። ፓርኩ በሐምሌ 2022፣ ቀድሞ ቦታ ለያዘ ጥቂት ጎብኚ፣ ለቀን ጉብኝት ብቻ ተከፈተ።

እንደ ገና የመሥራቱ ነገር በተነሣ ጊዜ ጥያቄው ለቢሮ ብቻ አልተተወም። ሕዝቡ በስብሰባና በመጠይቅ አሳቡን እንዲሰጥ ተደረገ። ብዙዎች በአሮጌዎቹ ዛፎች ሥር የነበሩት ቤቶችና የመኪና ማቆሚያዎች እንደ ነበሩ እንዲመለሱ አልፈለጉም፤ ዋናዎቹ አገልግሎቶች ከጥንታዊው ደን ርቀው እንዲሠሩ፣ ጎብኚውም ወደ ዛፎቹ በማመላለሻ መኪና እንዲደርስ የሚል ዕቅድ ተነደፈ። የአማህ ሙትሱን ጎሣ፣ ማለትም በሚሲዮኑ ዘመን የተነቀሉት ሕዝቦች ዘሮች፣ በምክክሩ ተቀምጠዋል። አያቶቻቸው ይሠሩበት የነበረው ቀላል እሳት ትልቁን ቃጠሎ እንደሚከላከል ዛሬ የደን ባለሙያዎች ይቀበላሉ። የሕዝብ ትርጉም በ1900 ከነበረው ሰፍቷል ማለት ይህ ነው።

በዓሉም ቢሆን የጥበቃው አካል ሆኗል። ከ2022 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ የግዛቱ ፓርኮች ሳምንት ይከበራል፤ ሰው ከነልጆቹ ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ይማራል። ይህ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ደኑን ያላየ መራጭ ለደኑ ድምፅ አይሰጥም፤ ያላየ ልጅም ነገ ስለ ደኑ አይጮኽም። ሂል በ1901 ፎቶግራፍ ተሸክሞ ወደ ሳክራሜንቶ የሄደው ምክር ቤቱን ወደ ደኑ መውሰድ ስላልቻለ ነበር።

አንድሩ ሂል በ1922 ዐረፈ። ሀብታም ሆኖ አልሞተም። በ1900 የተባረረበት የፌልተን ደን ግን በ1930 በአውራጃው ተገዛ፤ በ1954ም የሄንሪ ካወል ግዛት ፓርክ አካል ሆነ። ዛሬ ማንም ሰው ወደዚያ ገብቶ ዛፎቹን ፎቶግራፍ ቢያነሣ የሚጠይቀው የለም። ይህ መብት ከሕግ የተገኘ ነው፤ ሕጉም በቋጥኝ ሥር ባርኔጣ ካዞሩት ሰዎች ተገኘ። እንዲጸና ያደረገው ግን ባርኔጣው በየትውልዱ የሚያዞረው ሰው አለማጣቱ ነው።